ደረጃው ሥር የቀሩት፦ አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችንና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአገራችን ከተሞች ብዙ ገንብተዋል። ከደርግ ዘመን ስደት በኋላ በሸራ ድንኳንና በቆርቆሮ አዳራሽ የጀመሩ ብዙ ጉባኤዎች ዛሬ ባለ ፎቅ የአምልኮ አዳራሽ፣ የቢሮና የሰንበት ትምህርት ክፍሎች አሏቸው። ስለዚህ ነገር ጌታን እናመሰግናለን። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ግንባታ መካከል እምብዛም ያልተነጋገርንበት አንድ ጉዳይ አለ። የቆርቆሮው አዳራሽ ወለል ብዙውን ጊዜ አፈር ነበር፤ ደጁም ከመሬት እኩል ነበር። በክራንች የሚሄደው ወንድም፣ በዊልቸር የምትንቀሳቀሰው እኅት እንደ ማንኛውም ሰው ገብተው ይቀመጡ ነበር። አዲሱ ሕንፃ ግን በደረጃ ይጀምራል። በድህነታችን ጊዜ ይገባ የነበረው ሰው አሁን ስንበለጽግ ውጭ ቀርቷል።

በእርግጥ ማንም የሕንፃ ኮሚቴ ተሰብስቦ «አካል ጉዳተኞች እንዳይገቡ እናድርግ» ብሎ አልወሰነም። ቦታው ተዳፋት ይሆናል፤ ምድር ቤቱን ለሰንበት ትምህርት ክፍል እንጠቀምበት ይባላል፤ ዋናው አዳራሽ ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ግርማ ሞገስ አለው። በዚህ መንገድ ሰባት ስምንት ደረጃ ሳይታሰብ ይመጣል። እሑድ ጠዋት በጎ ፈቃድ ያላቸው ወጣቶች ዊልቸሩን ከነሰውየው አንሥተው ያስገባሉ። ይህ ፍቅር ነው፤ አንነቅፈውም። ግን እስቲ ራሳችንን በዚያ ሰው ቦታ እናስቀምጥ። አንድ ጎልማሳ፣ የልጆች አባት፣ በየሳምንቱ ተሸክመውት ሲገባ ጉባኤው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ስብከቱ ሳያልቅ መጸዳጃ ቤት መሄድ ቢያስፈልገው አራት ሰው ማስቸገር አለበት። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ውኃ አይጠጣም። ጥቂት ሳምንታት ይታገሣል፤ ከዚያ «ዛሬ ደከመኝ» ይላል፤ ቀጥሎም ስብከቱን በቴሌቪዥን መከታተል ይጀምራል። ሊጠይቁት የመጡ አገልጋዮችን «በቴሌቪዥን እከታተላለሁ፤ ተባርኬበታለሁ» ይላቸዋል። እነርሱም ጸልየውለት ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ።

ስንት ናቸው?

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ብዛት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ አድርጎ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ደግሞ በዓለም ላይ ከመቶ 16 የሚሆነው ሰው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ፣ ከባድ ከሆነ የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ይገልጻል። ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ዓለም ይልቅ ጤነኞች ስለሆንን አይደለም። ቆጣሪው በር አንኳኩቶ «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ቤተሰብ የሚያስበው ፈጽሞ የማያየውን ወይም እግር የሌለውን ብቻ ነው። ጆሯቸው የደከመ አያት፣ ወገባቸው ተጎድቶ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው እናት፣ ትምህርት የማይገባው ልጅ አይቆጠሩም። ጎረቤት እንዳያይበት ልጁን ከጓዳ የማያወጣም አለ።

በዚያው ቆጠራ የፕሮቴስታንት አማኞች ከሕዝቡ 18.6 ከመቶ፣ ከ13 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውን ግምት ለእኛም ብንወስድ፣ በዚያን ጊዜ በመካከላችን ከሁለት ሚሊዮን በላይ አካል ጉዳተኞች ነበሩ ማለት ነው። አራት መቶ አባላት ባሉት አንድ አጥቢያ ስድሳ አራት ሰዎች ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጉዳታቸው በዓይን የማይታይ ብዙዎች መሆናቸው እውነት ነው። ቢሆንም እስቲ በአጥቢያችን የምናውቃቸውን በስም እንቁጠር። ከስድስት ካልበለጡ የቀሩት የት ናቸው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ቁጥሩም ባለበት አልቆመም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያ በኋላም በሌሎች አካባቢዎች የቀጠለው ግጭት እጅ እግራቸውን፣ ዓይናቸውን ያጡ ብዙ ወጣቶችን ትቶልናል። ለየትኛው ወገን ሲዋጋ ነበር የሚለውን ጥያቄ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ወደ ሰፈሩ ተመልሷል፤ እናቱ የጸሎት ቡድናችን አባል ናት፤ እርሱ ግን ቤቱ ተቀምጧል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይደረግባቸው ደነገገ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ ለመጸዳጃ ቤትም እንዲሁ እንዲታሰብላቸው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። እንግዲህ የሕግ እጥረት የለብንም ማለት ይቻላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን አምጥቷል። ስለዚህ ልማት ብዙ የሚባል አለ፤ ከቤታቸው የተነሡ ወገኖች ጉዳይ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። ሆኖም በአንዳንድ ሰፈሮች በዊልቸር የሚሄድ ሰው ከመኪና ጋር ሳይጋፋ እስከ ቤተ ክርስቲያን አጥር ድረስ መምጣት እየቻለ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለው መንገድ የእኛው ኃላፊነት ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ነገር ከሌላ አቅጣጫ ያዩታል። ብዙዎቹ ጉባኤዎች የሚያመልኩት ከአሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት በተከራዩት ሕንፃ ነው፤ በዚያም መወጣጫና ሰፊ መጸዳጃ ቤት ማግኘት የተለመደ ነው። የሚገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሃይማኖት ድርጅቶችን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደረገ መሆኑ ነው። እነዚያ አጥቢያዎች የሠሩት በአብዛኛው አባሎቻቸው ስላስፈለጋቸው ነው።

ትምህርት ቤት ሠራን፤ ጉባኤውን ግን አልነካነውም

የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ ምንም አልሠሩም ማለት ሐሰት ይሆናል። በሆሳዕና ከተማ የሚገኘው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሥራ ነው። በሻሸመኔ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ካፈራቸው መካከል የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ትገኛለች፤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «የራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት ተሸላሚ ሆናለች። በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ይህ ያሳያል።

ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው የሠራነው ሁሉ ለብቻው የቆመ ተቋም ነው። ትምህርት ቤቱ በአንድ ከተማ፣ በውጭ እርዳታ፣ በሠለጠኑ መምህራን ይካሄዳል። ከዚያ ተመርቆ የወጣው ወጣት እሑድ ጠዋት ወደ ሰፈሩ አጥቢያ ሲሄድ የሚያስተረጉምለት አያገኝም። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የሰዎችን ከንፈር ያያል። ሲያጨበጭቡ ያጨበጭባል፤ ሲነሡ ይነሣል። ተቋሙን ሠርተን ጉባኤውን እንዳለ ተውነው። የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ በምሕረት ሥራ ወይም በልማት ክፍል ሥር ማስቀመጣችንም የዚሁ ውጤት ይመስለኛል። በዓመት አንድ ቀን ዘይትና ዱቄት እንሰጣለን፤ ፎቶ እናነሣለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ስለ አካል ብልቶች ሲጽፍ (1 ቆሮ. 12፥22) ደካማ የሚመስሉት ብልቶች የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ነው የሚናገረው። እርሱ የሚያስፈልጉን ናቸው ሲል፣ እኛ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ናቸው ብለን ብቻ ሰማነው።

ያልተፈወሰው ወንድም

ከደረጃው ይልቅ ለመናገር የሚከብደው ነገር ይህ ነው። የወንጌላውያን አማኞች ጌታ ዛሬም ይፈውሳል ብለን እናምናለን፤ ብዙዎቻችንም የዚህ ምስክሮች ነን። ይህን እምነት የሚያቃልል ነገር መጻፍ አልፈልግም። ነገር ግን በዚህ እምነት ስም አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን ላይ የምናደርሰውን ጉዳት ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

በክራንች የሚሄድ አንድ ክርስቲያን እንግዳ ሰባኪ በመጣ ቁጥር ወደ ፊት ይጠራል። ለምን ጉዳይ እንዲጸለይለት እንደሚፈልግ አይጠየቅም። ምናልባት የመጣው የቤት ኪራይ ጨንቆት፣ ወይም ነገ ፈተና ስላለበት ሊሆን ይችላል። ጌታ ኢየሱስ እንኳ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠይቆታል (ማር. 10፥51)። እኛ ግን ሳንጠይቅ እጅ እንጭናለን፤ ክራንቹን እንቀበለዋለን፤ «ተራመድ» እንለዋለን። ሳይራመድ ሲቀር ደግሞ መድረኩ ወደ ሌላው ሰው ያልፋል። ከጉባኤ መልስ ደግሞ «እምነት ጎድሎህ ይሆናል»፣ «ያልተናዘዝከው ነገር ካለ መርምር» የሚል ምክር ይከተለዋል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን ኃጢአት እንደ ሠራ ሲጠይቁ ጌታ የሰጣቸው መልስ (ዮሐ. 9፥3) በየመድረኩ ተሰብኳል፤ በልባችን ግን የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ እንደያዝን ነን። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ሳይወሰድለት ቀርቷል። ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል (2 ጢሞ. 4፥20)፤ እምነት ጎድሎታል ብሎ ግን አልጻፈበትም።

የሜምፊቦስቴን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን (2 ሳሙ. 9)። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ንጉሡ ቸርነት ነው። ምዕራፉ የሚያልቅበትን ቃል ግን ልብ እንበል፤ ሁለት እግሩ ሽባ እንደ ነበረ በመናገር ያልቃል። እግሩ ሳይድን በንጉሡ ማዕድ እንደ ንጉሡ ልጆች በላ። በአጥቢያችን አንድ ሰው ማዕዱ ላይ የሚቀመጠው ከተፈወሰ በኋላ ብቻ ነውን?

ጉዳዩ ወደ ሕፃናት ሲመጣ ደግሞ እጅግ ይከብዳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ ኦቲዝም ያለባት ልጅ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚወሰዱት ወደ «ነጻ ማውጣት» አገልግሎት ነው። ልጅቷ ድምፅና ጩኸት ያስጨንቃታል፤ ስትጮኽ ደግሞ ርኩስ መንፈስ ነው ተብሎ ይጮኽባታል። በአገራችን ስለ ኦቲዝም በይፋ እንዲነገር ፈር ከቀደዱት አንዷ ዘሚ የኑስ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው እስካረፉበት እስከ 2021 ድረስ ልጆቻቸውን የደበቁ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ አደባባይ እንዲያወጡ ታግለዋል። ከእነዚያ እናቶች ብዙዎቹ የአንድ አጥቢያ አባል ናቸው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድን ሰው «በእምነት አቁም» ማለት ደግሞ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ሊመለስና ሰውየውን ሊገድለው ይችላል። መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ይህን ከመድረክ በግልጽ መናገር አለባቸው እላለሁ።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ መስማት ለተሳነው ሰው የነበረን ቃል ዛሬ ለሰነፍና ለማይገባው ሰው ስድብ ሆኗል። «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ሰባኪው ለማሣቂያ ሲጠቀምበት፣ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው መስማት የተሳነው ወንድም ባይሰማውም አስተርጓሚዋ ምን ብላ ታስተርጉምለት?

ምን ይደረግ?

ራምፕ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን በግምት አይሠራም። የተለመደው መለኪያ ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ስለዚህ ራምፑ ከሰባት ሜትር በላይ ይረዝማል ማለት ነው። በብዙ ቦታ የምናየው በሁለት ሜትር ውስጥ ቁልቁል የተለሰነ ሲሚንቶ ግን ለሞተር ብስክሌት እንጂ ለዊልቸር አይሆንም፤ ሰው ይጥላል። ቦታ ከጠበበ ራምፑ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ሊወጣ ይችላል። ኮሚቴው ፕላኑ በወረቀት ላይ ሳለ ካሰበበት ወጪው ከሕንፃው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስ ይመጣል። የበሩ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። በአዳራሹ መካከል አንድ አግዳሚ ወንበር አጥሮ ቢሠራ ዊልቸሩ በመተላለፊያው ላይ ወይም ከፊት ለብቻው ሳይሆን ከቤተሰቡ አጠገብ ይቆማል። መጸዳጃ ቤቱም መቀመጫ ያለው፣ የእጅ መያዣ ያለው፣ ከግቢው ጥግ ሳይሆን በቅርብ ያለ ይሁን።

ራምፑ በደጁ እንዳይቆምም እንጠንቀቅ። ወደ መድረኩ የሚያወጣ መንገድ ከሌለ በዊልቸር ያለች እኅት መስማት እንጂ መስበክ፣ መዘመር፣ ማስተማር አይጠበቅባትም ብለናል ማለት ነው።

መስማት ለተሳናቸው ወገኖች ግን ሲሚንቶ አያስፈልግም፤ ሰው ያስፈልጋል። ቃላቱን በፕሮጀክተር ማሳየት በቂ የሚመስላቸው አሉ። የምልክት ቋንቋ ግን ራሱን የቻለ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም፤ የገባውም ቢሆን አማርኛ ለእርሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሁለት ሦስት ወጣቶችን መርጦ ማስተማር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚህ መስክ ትምህርት መኖሩን አውቆ ተመራቂዎችን መጠቀም ይቻላል። አስተርጓሚ ሲገኝም የስብከቱ ጥቅስና የመዝሙሩ ግጥም ቀድሞ ይሰጠው፤ የአምልኮ ጊዜ ሲደርስ መብራት ማጥፋት የለመዱ አጥቢያዎችም አስተርጓሚው በሚቆምበት ላይ መብራት ይተዉ። በጨለማ እጅ አይታይም።

ለዓይነ ስውራን ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በብሬይል ሲዘጋጅ ብዙ ትልልቅ ጥራዞች ይሆናል፤ ተሸክሞት የሚመጣ የለም። ዛሬ ግን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በድምፅ በስልክ ይገኛል። ችግሩ ሌሎች መንፈሳዊ መጻሕፍት ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት የታተሙ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ እንዲባዙ መንገድ ይከፍታል። ክርስቲያን አሳታሚዎችና ጸሐፊዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል። የሰንበት ትምህርት መጽሐፉን አንድ ወጣት በስልኩ አንብቦ ቢቀዳው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ቤት ለቤት ኅብረት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ብዙ አባላት የሚኖሩት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ነው። ኅብረቱ በአራተኛ ፎቅ ላይ በሚኖር ቤተሰብ ዘንድ ሲደረግ፣ እሑድ በራምፕ የገባው ሰው ረቡዕ ማታ ከሥር ይቀራል። ሕይወት የሚካፈሉት፣ ልቅሶና ሠርግ የሚታወቀው በዚያ ኅብረት ነውና ጉዳቱ ከእሑዱ አይተናነስም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኅብረቱ በእርሱ ቤት ወይም በምድር ቤት ይሁን። ለዚህ ግን አስተባባሪው ቀድሞ ሊጠይቀው ይገባል።

በመጨረሻም እነዚህን ሁሉ ማን ይወስናል የሚለው አለ። የሕንፃ ኮሚቴ ሲመረጥ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ነጋዴ እንፈልጋለን። ራምፑ የት መጀመር እንዳለበት ከማንም ይልቅ የሚያውቀው በየቀኑ በዊልቸር የሚወጣው ሰው ነው፤ እርሱም በኮሚቴው ውስጥ ይኑር። በሽማግሌዎች ምርጫም እንዲሁ። የዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ በሁለተኛው ፎቅ አዳራሽ ከተጠራ፣ ድምፅ የሚሰጡት ወደዚያ መውጣት የቻሉ አባላት ብቻ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤው ግን «አባላት በሙሉ ተስማምተዋል» ይላል።